አልፍሬድ ቡኺ፤ ከጢስ ኀይል የቀዳ መሐንዲስ

የሰው ልጅ ጢስን ዘወትር እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲያባርረው ኖሯል። ከጐጆው በክዳኑ፥ ከፋብሪካው በረዥም ማውጫ፥ ከመኪናው በማርሚታ ያስወጣዋል፤ ከወጣም በኋላ ዘወር ብሎ አያየውም። የዛሬው ጽሑፋችን ዘወር ብሎ ስላየው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው አልፍሬድ ቡኺ ይባላል፤ የስዊስ ተወላጅ፥ በሙያውም መሐንዲስ ነበረ። በዛሬው ጊዜ በአብዛኛው የዲዝል ሞተር ላይ፥ በመርከብም ቢሆን በጭነት መኪናም ቢሆን፥ እሱ የጀመረው ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ይሽከረከራል። በሞተር ሙያ ያሉ ሰዎች ስሙን በክብር ያነሡታል።

የሕይወቱን ታሪክ ለተማሪ ጓደኞቻችን ለማቅረብ የተነሣሣንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ትክክለኛ ሐሳብ በተወለደ ማግሥት ተቀባይ ያገኛል ብሎ ለሚጠብቅ ወጣት የቡኺ ኑሮ ጥሩ ትምህርት ስለሚሰጥ ነው። ሁለተኛው፥ በየጋራዡ ቱርቦው ዘይት ተፋ፥ ውሃ አፈሰሰ እየተባለ ያለ ምርመራ የሚጣለውን ዕቃ ማዳን የሚቻለው፥ መሣሪያው ከምን ችግር ጋር ሲታገል እንደ ተወለደ ሲታወቅ ነው ብለን ስለምናምን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቡኺ የተወለደው ጁላይ 11 ቀን 1879 ዊንተርቱር በምትባለው የስዊስ ከተማ ነው። ዊንተርቱር የብረትና የሞተር ከተማ ናት። ከፋብሪካዎቿ መካከል ሱልዘር የሚባለው በእንፋሎት መኪና፥ ኋላም በዲዝል ሞተር በዓለም ስሙ የተጠራ ነበረ። የቡኺም አባት በዚሁ ፋብሪካ ከፍ ካለ የሥራ ኀላፊነት ላይ የነበረ ሰው ነው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የመዶሻና የመኪና ድምፅ እየሰማ አደገ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደግሞም የሚያስገርም አጋጣሚ አለ። ቡኺ በተወለደበት በዚያው በ1879 ሩዶልፍ ዲዝል፥ ገና ወጣት ሳለ፥ በሕመም ምክንያት የሙኒክ ትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ፈተና ሳይወስድ ቀርቶ ስለ ነበረ፥ የሚቀጥለውን ፈተና እስኪጠብቅ ድረስ በዚሁ በሱልዘር ፋብሪካ የእጅ ሥራ ይለማመድ ነበረ። አንደኛው ሞተሩን ሊፈጥር፥ ሁለተኛው የሞተሩን ጕልበት ሊያበዛ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት በአንድ ከተማ ተገናኝተው ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

ቡኺ ከፍተኛ ትምህርቱን የተማረው በዙሪክ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ነው። ይህ አልበርት አይንስታይን በ1900 የጨረሰበት ትምህርት ቤት ነው። ቡኺ በ1899 ገብቶ በ1903 የመኪና ምሕንድስና ዲፕሎማውን ተቀበለ። ከዚያም ወዲያው ወደ አባቱ ፋብሪካ አልገባም፤ ቤልጅግና እንግሊዝ አገር ሄዶ በተቀጣሪነት ሠራ። አእምሮውን ይዞት የነበረውን ጥያቄ ያበሰለው በዚያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው ይህ ነበር። አንድ ሞተር ከነዳጁ የሚያገኘውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሥራ አይለውጠውም። በግምት ሲሶው ሥራ ይሠራል፤ ሌላው ሲሶ በማቀዝቀዣው ውሃና በሞተሩ ገላ በኩል ይጠፋል፤ የቀረው ሲሶ ከጢሱ ጋር ይወጣል። ይህን የሚያውቁ መሐንዲሶች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለውት ነበር። ቡኺ ግን እንደ ቀዳዳ ነገር አየው። ዕቃው እያፈሰሰ ነው፤ የሚያፈሰው ደግሞ በጢሱ በኩል ነው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል አንድ ነገር ቢቀመጥ የሚፈሰውን መልሶ መቅዳት ይቻላል ብሎ አሰበ።

ያ የሚቀመጠው ነገር ተርባይን ነው። ትኩሱ ጢስ ሲወጣ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ ደግሞ የአየር መጭመቂያ ያዞራል፤ መጭመቂያው ከውጭ የሳበውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ሞተሩም ሳይገዝፍ ጕልበቱ ይጨምራል። ቡኺ መጭመቂያን፥ ሞተርንና ተርባይንን ተከታትለው የሚሠሩ አድርጎ ያቀደውን ይህን ንድፍ ኖቬምበር 16 ቀን 1905 በጀርመን አገር አስመዘገበ፤ የተሰጠውም የባለቤትነት ቍጥር 204630 ነው። ዕድሜው 26 ዓመት ነበረ።

እንግዲህ ብዙ ሰው የፈጠራ ታሪክ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። የቡኺ ድካም ግን የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም የዘመኑ ዕቃ አልደረሰለትም። በዚያን ጊዜ የነበረው የአየር መጭመቂያ ከሚቀበለው ኀይል ብዙውን ያባክን ነበር። ከጢሱ ሙቀት ጋር ሌት ተቀን እየተጋፈጠ በፍጥነት የሚሽከረከር ብረት ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ቡኺ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1909 በሱልዘር ምርምር ክፍል ተቀጠረ፤ በ1911 ፋብሪካው ለሙከራ የሚሆን ቦታና መሣሪያ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ የተደረገው ሙከራ የተመኘውን ያህል አልሆነለትም። ለፋብሪካ ሰዎች ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ፥ ትርፉ ግን የማይታይ መሰላቸው።

በዚህ ጊዜ የቡኺ ጠባይ ምን ዐይነት እንደ ነበረ ይታያል። ሙከራው አልሠራም ማለት ሐሳቡ ስሕተት ነው ማለት አይደለም ብሎ፥ የሚፈሰውን ቦታ መፈለግ ጀመረ። ፈልጎም አገኘ። የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሩ ጨርሶ አይወጣም፤ ጥቂቱ ይቀርና ዐዲሱን አየር ያሞቀዋል፥ ቦታውንም ይሻማዋል። ስለዚህ በ1915 ሌላ መላ አቀረበ። የአየር ማስገቢያውና የጢስ ማስወጫው ቫልቭ ለአጭር ጊዜ አብረው ክፍት ሆነው ቢቈዩ፥ ከመጭመቂያው የሚመጣው አየር የቀረውን ጢስ ጠርጎ ያስወጣዋል፤ በዚያውም ቫልቩንና ፒስተኑን ያቀዘቅዛል፥ ወደ ተርባይኑ የሚሄደውንም ጋዝ ያበርደዋል። ይህ እንዲሆን የሚገባው አየር ግፊት ከሚወጣው ጢስ ግፊት መብለጥ አለበት። በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ዓመታት ደከመ፤ በዚህ መካከልም የፋብሪካው የዲዝል ክፍል ኀላፊ ሆነ።

በዚያው ዘመን በሌላ አገር ሌሎች ሰዎች ይህንኑ መንገድ በአየር ላይ ይሞክሩት ነበር። በፈረንሳይ አገር ራቶ የሚባለው ሊቅ፥ በአሜሪካም ሳንፎርድ ሞስ የሚባለው መሐንዲስ ለአውሮፕላን ሞተር ቱርቦ ሠሩ። ሞስ በ1918 ሞተሩን በመኪና ጭኖ ከ4,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ ላይ አወጣውና፥ አየር በሣሣበት ቦታ ቱርቦ የጠፋውን ጕልበት እንደሚመልስ አሳየ። ይህ ለእኛ ለደገኞቹ የሩቅ ወሬ አይደለም። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና እንጦጦን ሲወጣ የሚያቃስተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቱርቦ ያለው ግን የጐደለውን አየር ራሱ እየሰበሰበ ይወጣል።

የቡኺ ድካም ፍሬ ያፈራው 1905 ካለፈ 20 ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ነው። በ1924 ባደን ከተማ የሚገኘው ብራውን ቦቬሪ ፋብሪካ ለከባድ ሞተር የሚሆን የመጀመሪያውን ቱርቦ ሠርቶ ዊንተርቱር ላለ የሙከራ ሞተር አስረከበ። በጀርመን አገር ደግሞ ፕሮይሰን እና ሀንዘሽታት ዳንዚግ የሚባሉ ሁለት የመንገደኛ መርከቦች በቡኺ ዘዴ ተሠሩ። ባለ 10 ሲሊንደር ሞተሮቻቸው ያለ ቱርቦ 1,750 የፈረስ ጕልበት ሲኖራቸው በቱርቦ 2,500 ደረሱ። መርከቦቹ በ1926 በባልቲክ ባሕር ሥራቸውን ጀመሩ። በ1925 ደግሞ ቡኺ ሌላ ዘዴ አስመዘገበ፤ ይኸውም የአንዱ ሲሊንደር ጢስ የሌላውን እንዳይገፋ፥ ሲሊንደሮቹ በየምድባቸው በተለያየ ቧንቧ ወደ ተርባይኑ እንዲተነፍሱ ማድረግ ነው። በዚያው ወራት ሱልዘርን ትቶ፥ ከብራውን ቦቬሪና ከዊንተርቱር የባቡር ሞተር ፋብሪካ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ዘዴውን ለዓለም ፋብሪካዎች ማዳረስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ቱርቦ ከመርከብ ወደ ጭነት መኪና፥ ከጭነት መኪናም ወደ ቤት መኪና ወረደ። የስዊሱ ዛውረር ፋብሪካ በ1938 በጭነት መኪና ሞተር ላይ አዋለው። በወረደም ቍጥር መሣሪያው እያነሰ፥ ፍጥነቱም እየበዛ ሄደ። ዛሬ በትንሽ መኪና ላይ ያለው ቱርቦ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ ዘንጉ ግን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። የዘይትና የውሃ ማፍሰስ ሕመም የተወለደው ከዚህ ነው። ቡኺን ያስቸገረው እሳትና ፍጥነት አልጠፋም፤ ወደ ጠባብ ቦታ ተሰበሰበ እንጂ።

የመሣሪያውን አካል ባጭሩ እንመልከት። በመካከል አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። በአንደኛው ጫፍ ያለው የተርባይን ጐማ በዲዝል ሞተር 700 ወይም 800 ዲግሪ፥ በቤንዚን ሞተር እስከ 1,000 ዲግሪ የሚደርስ ጋዝ ውስጥ ይዞራል። በሌላው ጫፍ ያለው ጐማ አየር ይጨምቃል። ዘንጉ በኩሽኔታው ላይ ተጭኖ አይዞርም፤ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ ከሞተሩ ፖምፓ በቀጭን ቧንቧ በግፊት ይመጣል፤ ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም፥ በራሱ ክብደት በሰፊ ቧንቧ ወደ ሞተሩ የዘይት ቋት ይወርዳል። በብዙ ቱርቦዎች ላይ ከዚህ በተጨማሪ የራዲያተር ውሃ በመካከለኛው አካል ዙሪያ ያልፋል።

አሁን ትልቁ ነገር ይህ ነው። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ዘይቱን የሚያግደው እንደ ሌላው ቦታ የጐማ ማሸጊያ አይደለም፤ ጐማ ያንን እሳት አይችልም። ያለው የፒስተን ፋሻ የሚመስል ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። እውነተኛው ዘብ ግን ግፊት ነው። በሁለቱ ጐማዎች ዘንድ ያለው ግፊት በመካከል ካለው ስለሚበልጥ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። እንግዲህ ቡኺ በ1915 የደረሰበት ነገር እዚህም ይሠራል፤ የግፊቱ ሚዛን ሲፈርስ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል።

ስለዚህ ቱርቦ ዘይት ተፋ ሲባል አስቀድሞ የሚጠየቀው ሚዛኑን ማን አፈረሰው የሚለው ነው። ዘይቱ የሚወርድበት ቧንቧ በቈሻሻ ከተደፈነ ወይም ከተጣመመ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በጫፎቹ ይወጣል። የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ወይም የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ግፊት ወደ ዘይት ቋቱ ከወረደ፥ ያ ግፊት የሚወርደውን ዘይት ያግደዋል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ መጭመቂያው አየር አጥቶ ዘይት ይስባል። ዘይት ከልክ በላይ ከተሞላም ያው ነው። በእነዚህ ሁሉ ቱርቦው ጤነኛ ነው። ኩሽኔታው ራሱ ሲበላ ግን ዘንጉ ይወላከፋል፥ ቀለበቱም ይከፈታል፤ ይህም ቢሆን የሚመጣው በአብዛኛው ከቈሸሸ ወይም ከዘገየ ዘይት ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አካባቢው በሚገባ ይታጠብና ይደርቅ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ በባትሪ መብራት ይታይ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፥ ነፋስም ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ስለዚህ የሚፈለገው በጣም የራሰው ቦታ ሳይሆን ከፍ ብሎ የራሰው ቦታ ነው። ከሞተሩ የላይ ክዳን ወርዶ ቱርቦው ላይ የሚጠራቀም ዘይት ብዙ ጊዜ ቱርቦውን ያለ በደሉ ያስከስሰዋል። ቀጥሎ የአየሩ ቧንቧ ይፈታ። በውስጡ እንደ ወዝ ያለ ስስ ዘይት ቢገኝ ከሞተሩ መተንፈሻ የመጣ ነውና አያስደነግጥም፤ ተጠራቅሞ የቆመ ዘይት ግን ምክንያት አለው። በጢሱ በኩል ደግሞ ከተርባይኑ በፊት ያለው ቧንቧም በዘይት ርሶ ከተገኘ፥ ዘይቱ የመጣው ከሞተሩ እንጂ ከቱርቦው አይደለም። ዘንጉ በጣት ሲነካ ወደ ጐን ጥቂት ቢነቃነቅ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ስለ ሆነ ልክ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጐልቶ ከተንቀሳቀሰ ወይም ጐማው ግድግዳውን ከነካ ግን አልቋል።

ጢሱም ይናገራል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን፥ ጥቁር ጢስ ለነዳጁ አየር ማነሱን፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቆምና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ የራዲያተር ውሃ መቃጠሉን ያመለክታል።

የውሃው ምርመራ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ከቱርቦ የሚፈሰው ውሃ መሬት ሳይደርስ በትኩሱ ብረት ላይ ይተናል። መጠኑ ይቀንሳል፥ ከሥር ግን ጠብታ አይገኝም። የሚተርፈው ምልክት በመጋጠሚያው ላይ የደረቀ ነጭ ወይም የማቀዝቀዣውን ቀለም የያዘ ቅርፊት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ቧንቧውን በሚያስረው ብሎን ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሳይለወጥ ሁለተኛ ሲታሰር፥ ወይም የጐማው ቱቦ በሙቀት ሲደርቅ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ አፍ የእጅ ፖምፓ ተገጥሞ፥ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳያልፍ ይሞላና መርፌው መውረድ አለመውረዱ ይታያል። መርፌው ወርዶ በውጭ ምንም ካልታየ የቴስታታውን ማሸጊያ መጠርጠር ይገባል። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ግን ፊትን ማቃጠል ነው።

ይህ ሁሉ የዕቃ ቍጠባ ጕዳይ ብቻ አይደለም። በጋለ የጢስ ቧንቧ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት መኪናውን በእሳት ሊያያይዘው ይችላል። በዲዝል ሞተር ላይ ደግሞ ወደ አየሩ ቧንቧ የሚፈሰው ዘይት ከበዛ፥ ሞተሩ ያንኑ ዘይት እንደ ነዳጅ እየጠጣ ቍልፍ ቢዘጋም አልቆምም ይላል፤ አየሩ ካልተዘጋበት ራሱን እስኪሰብር ይፈጥናል። ስለዚህ ሹፌር ረዥም ዳገት ወጥቶ ሲያበቃ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፋ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢያቈየው ቱርቦው ይበርዳል፤ አለዚያ በኩሽኔታው የቀረው ዘይት እዚያው ከሥሎ የሚቀጥለውን ዘይት መንገድ ይዘጋል።

ወደ ቡኺ እንመለስ። የዙሪኩ ትምህርት ቤት በ1938 የክብር ዶክተርነት ሰጠው። እሱም በተወለደበት በዊንተርቱር ከተማ ኦክቶበር 27 ቀን 1959 በ80 ዓመቱ ዐረፈ። በአሜሪካ ቱርቦ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪናዎች ለገበያ የወጡት በ1962 ነው፤ እነዚያን አላያቸውም። መርከቦቹን ግን አይቷል፤ የጠላቶቹንም ጥርጣሬ በሥራ መልሷል።

ከሱ ሕይወት የምንወስደው ነገር ይህ ይመስለናል። በ1911 የጀመረው ሙከራ ባልተሳካ ጊዜ ሐሳቡን ጥሎ ሌላ መያዝ ቀላል ነበረ፤ እሱ ግን ምክንያቱን ፈለገ። ዛሬም ዘይት የነካው ቱርቦ ሲገኝ አውጥቶ መጣልና በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዐዲስ መግጠም ቀላል ነው። ዘይት የሚያመጣው ቧንቧ ተደፍኖ እንደ ሆነ ግን ዐዲሱም በጥቂት ቀን እንደ አሮጌው ይሆናል፤ ባለንብረቱም ሁለተኛ ይከፍላል። ነገ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየፋብሪካውና በየጋራዡ ለፍርድ የምንቀመጥ እኛ ነን። ዕቃው ጥፋተኛ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ከየት እንደሚፈስ እንመርምር። ቡኺ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ 20 ዓመትም ፈጅቶበታል።